ሞጣ ላይ የወደቀችው ጥይት

ቢቸና ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያወራ ሰው አለ የሚል ካለ ወፍጮ ቤቴ ይምጣና ይስማ። ሞተሩ እያጓራ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ አይሰማም፤ የእኔን ግን ይሰማል። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ያወራሁት በቁና ቢሰፈር የከተማውን የጤፍ ገበያ ሁለት ጊዜ ይሞላል። አንድ ጅብ ገድዬ ሦስት ብያለሁ። አባይ በረሃ ወርጄ ነብር ጥያለሁ ብዬ በአደባባይ የማልሁም እኔው ነኝ፤ ያየሁት የነብር ዱካ ነበር፤ እሱንም የውሻ ነው የሚሉ አሉ።

ይህን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው። ቁጥር ሲያመልጠኝ እዚያው አርመዋለሁ። ሙሉዬ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ሴት በእኔ ምክንያት ዱላ ተመርኩዛ ትሄዳለችና፣ በእሷ እግር ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በእሷው ሠርግ ነው። ሚያዝያ ላይ ለሽታሁን ስትዳር እድራችን ድንኳኑን ተክሎ፣ ሚዜው ጨፍሮ፣ እኛ መሣሪያ ያለን ደግሞ ደጅ ወጥተን ወደ ሰማይ ተኮስን። ሃያ ጠመንጃ ነበር። አይ፤ ስድስት ነበር። ወደ ሰማይ የወጣን ጥይት ሰማይ አያስቀረውም፤ አንዷ ተመልሳ የድንኳኑን ሸራ በስታ ገባችና የጠላውን ጋን ሁለት ቦታ ከፈለችው። ስትቀዳ የነበረችው ሴት ቀሚሷ ራሰ እንጂ ሌላ አልነካትም። የማን ጥይት ናት ሲባል ሁላችንም ሰማይ ሰማይ አየን። እኔ ሦስት ተኩሼ ነበር። በሕይወቴ ሦስቱን አሥር ሳላደርግ የዋልሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ እሑድ እድሩ ዕቃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ዳኛችን አያ ገብረ ማርያም ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዳዊት ደጋሚ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው።

«የመንግሥት ፈቃድ ያለው ቢሆንም» አሉ፤ «ከሚያውቅ ሰው ጥንቃቄ ተምሮ ያልተፈተነ ሁሉ ከእንግዲህ ጠመንጃ ይዞ ድንኳናችን አጠገብ አይደርስም። ተምሮ ደግሞ በቸልታ ሰው የጎዳ ከእድሩ ይሰረዛል።»

ከእድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። ሲሞቱ የሚቀብር፣ ሲያዝኑ የሚቀመጥ ጎረቤት ማጣት ነው። ሞቶ መኖር ነው።

«አስተማሪው ማን ይሁን?» ተባለ።

የእድሩ ጸሐፊ ባንቺዓለም ናት። ከአሰላ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያችን ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ መዝገብ ስትይዝ እጇ አይዛነፍም።

«ተኳሽ ስለሆነ ብቻ አትምረጡ» አለች። «ማስተማሩን የሚያሳይ ወረቀት አለው? ትምህርቱን በባዶ መሣሪያ ነው የሚጀምረው ወይስ በጥይት? በእጁ ሰው ተጎድቶበት ያውቃል? ያልበቃን ሰው ‹አልበቃህም፣ ሂድ› ለማለት ይደፍራል? ይህን ሁሉ ጠይቃችሁ ነው።»

«ይህች ልጅ አስተማሪ ነው ወይስ ባል የምታጭልን?» አለ አያ ሀብተ ሥላሴ፣ የአባቱን ምንሽር እንደ ልጅ ታቅፎ የሚዞረው። ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁ እኔ ነኝ።

ባንቺዓለም አልሳቀችም። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፈችና ለእኔ ሰጠችኝ። አያ ገብረ ማርያም ሞጣ ውስጥ እንድሪስ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ እንዳሉ ሰምተው ነበር፤ ሠራዊት ውስጥ ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ግምጃ ቤትና በተኩስ ማሰልጠን ያሳለፉ ሰው ናቸው አሉ። «አፍ ያለህ አንተ ነህ። ሂድ፣ ጠይቃቸው፣ እይና ንገረን» ብለው ላኩኝ።

ማክሰኞ ማለዳ ሚኒባስ ያዝሁ። ክላሼን ይዣለሁ፤ የመልእክተኛ ወጉ ነው ብዬ። ካዝናውን ነቅዬ፣ ጥይቶቹ እንዳሉበት፣ ኪሴ ከትቼ ጠመንጃውን ጉልበቴ መሀል አቆምሁት። ከደብረ ወርቅ አንዲት እመጫት ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። ሕፃኗ እጇን ዘርግታ አፈሙዙን በጣቷ ትነካካ ጀመር። እናቲቱ «ተይ» ብላ እጇን ሳበቻት።

«ተያት እቴ» አልኋት፤ «ባዶ ነው። ካዝናው ኪሴ ነው ያለ።»

እስከ ጉንደ ወይን ድረስ ያች ልጅ በአፈሙዙ ስትጫወት ሄደች።

የጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሞጣ ገበያው ዳር ነው። ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣራ ተደርድሯል። እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ለአንዲት ገበሬ ካኪ እየለኩ ነበር፤ አይ፣ የጨርቅ ስም ተሳስቻለሁ፤ አቡጀዲ ነበር። ልጃቸው ሀኒያ መቀስ ይዛ ቆማለች። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ ቢያንስ ጢማም አርበኛ ጠብቄ ነበር።

«እንደምን ዋሉ። የቢቸናው በላቸው ነኝ፤ ስሜን ሳይሰሙ አይቀሩም» አልሁ።

«አልሰማሁም» አሉ። «ግን እንኳን ደህና መጡ። ሀኒያ፣ ለእንግዳ ወንበር።»

ተቀመጥሁ። የባንቺዓለምን ወረቀት ከኪሴ አላወጣሁም። ይልቅ ስለ ራሴ ነገርኋቸው። በአንድ ጥይት የከበሮ ጠፍር በጥሼ ከበሮው ሳይወድቅ ሁለተኛውን እንደደገምሁ ነገርኋቸው። ስለ ነብሩም ነገርኋቸው። ሰው ገዝቶ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ እኔ እቀጥላለሁ። ጋሽ እንድሪስ ግን እኔን አይመለከቱም ነበር። ጠመንጃዬን ነበር የሚመለከቱት።

«ይህ ባዶ ነው?» አሉ።

«ባዶ ነው እንጂ! ካዝናው ይኸው» ብዬ ኪሴን መታ መታ አደረግሁ።

«አይተውታል?»

«ምኑን?»

«ቀስ ብለው ይስጡኝ። አፈሙዙን ወደ ጣቃው ያዙሩት፤ ወደዚያ ወፍራሙ። ሀኒያ፣ አንቺ ወደ ኋላዬ።»

ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ከምላጩ አርቀው ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሳቡት። አንዲት ጥይት ዘላ ወጣች። ሲሚንቶው ላይ ቂው ብላ ወድቃ፣ ተንከባልላ፣ አቡጀዲ የገዛችው ሴትዮ ጫማ ሥር ቆመች።

ሀኒያ ጎንበስ ብላ አነሳቻትና «ይኸው አባዬ» አለች።

ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እዚያ ነበረች። ሦስተኛውን ተኩሼ አራተኛዋ ተጎርሳ ቀርታለች፤ ሳላውቅ ቤቴ አልጋ ሥር አድራለች፣ ልጆቼ በላይዋ ተኝተዋል፣ ሚኒባስ ተሳፍራለች። የዚያች ሕፃን ጣት አፈሙዙ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ታየኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጭኔ ሥር ደበቅሁት፤ ጋሽ እንድሪስ ግን አይተውታል።

«ካዝና መንቀል በር መዝጋት ነው» አሉ፣ ማቀባበያውን ደግመው ስበው ውስጡን በዓይናቸው አይተው፣ በትንሽ ጣታቸውም ዳስሰው። «ቀድሞ የገባውን እንግዳ አያስወጣም። ካዝናውን ነቅሎ፣ ሁለት ጊዜ ስቦ፣ ማየት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ወደ ሰው አለማዞር። ሌላው ትምህርት ሁሉ ከዚህ ወዲያ ነው።»

ጥይቷን በአቡጀዲ ቁራጭ ጠቅልለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ለምን ጉዳይ ነበር የመጡ?» አሉ።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። አራት ጥያቄ ነው። ግማሹን ሳልጠይቅ መልሰውልኛል። ሴትዮዋ ግን እያየችኝ ነበር፤ በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፤ አንደኛው ሲስቅ የሰማሁ መሰለኝ።

«እንዲያው ለሰላምታ ነው» ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ፊት ቆምሁ። ያልሁትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው የተናገርሁት።

«ሰውዬው ጨርቅ ሻጭ ነው። ጠመንጃዬን ሲያይ እጁ ተንቀጠቀጠ። ልጁን ከኋላው ደበቃት!»

ሕዝቡ አውካካ። ባንቺዓለም ብቻ «ጥያቄዎቹንስ ጠየቁት?» አለች።

«ሰው መንቀጥቀጡ እየታየ ምን ይጠየቃል?»

«ታዲያ ማን ያስተምረን?» አሉ አያ ገብረ ማርያም።

በእኛ ዘንድ አንድ ስሕተት አለ፤ ሌላው አገር ቢኖር አላውቅም። ፎካሪንና አዋቂን አንለይም። ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ግጥም የሚያወርደው ሰው ስለ ጠመንጃው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለናል። እኔም ያን ጊዜ ክላሼን ከፍ አደረግሁና ግጥሙን አወረድሁት፦

«እናቴ ስትወልደኝ ቆሜ ነው የመጣሁ፣
ከጡቷ አስቀድሜ ባሩድ ነው የጠጣሁ!»

«ያዝ እንግዲህ!» አለ ሀብተ ሥላሴ። እልልታ ቀለጠ። ባንቺዓለም እስክሪብቶዋን እንዳነሳች «ማስረጃስ?» ስትል ሰደፉን በመዳፌ መታሁና «ማስረጃዬ ይኸው!» አልሁ። ሰማንያ እጅ ወጣ። አባላችን አርባ ሁለት ነው፤ የወጣው እጅ አርባ አንድ ነው።

ሁለት እሑድ አስተማርሁ። ከተማው ዳር፣ አንድ የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ ዐሥራ ሰባት ሰው። እንዴት እንደሚታነገት፣ ሲፎከር እግር እንዴት እንደሚከፈት፣ ሙሽራ ሲገባ ስንት እርምጃ ርቆ እንደሚቆም። ጥንቃቄውንም ረስቼው አልነበረም፤ ልቤ ምስክሬ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ካዝናዬን ነቅዬ ከፍ አደረግሁና «ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ስባችሁ ውስጡን . . .» ብዬ ጀመርሁ።

«እንዴ!» አለ ሀብተ ሥላሴ። «ይህንን ደግሞ ከየት አመጣኸው? የነቀሉትን ጠመንጃ ደግሞ ማየት! ሌባ የገባበት ቤት መሰለህ? ነብር ገዳዩ ሰውዬ፣ እንደ ሞጣው ጨርቅ ሻጭ ሆንህ እኮ።»

ሳቁ ዙሪያዬን ከበበኝ። ከየት እንዳመጣሁት ብናገር የኪሴ ጥይት ልትወጣ ነው። ካልተናገርሁ ፈሪ ልባል ነው። ሁለቱም አቃተኝ፤ ሦስተኛውን መረጥሁ።

«እያፌዝሁ ነው እንጂ» አልሁ። «ካዝናው ከወጣ በኋላ ጠመንጃ ምንድን ነው? ዱላ ነው! በሉ፤ ምንድን ነው?»

«ዱላ ነው!» አለ ዐሥራ ሰባት ሰው በአንድ አፍ። ከሁሉም ጎላ ያለው የሽታሁን ድምፅ ነበር። ደግ ገበሬ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ፤ የነገሩትን የሚያምን።

ሰኔ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ገና ረፋዱ ላይ፣ ሽታሁን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር፤ እድሩ ሊፈትነን ቀን ቆርጧልና እንዲያምርለት። ከሁለት ቀን በፊት ጅብ በረቱን ሲዞረው አቀባብሎ ነበር። ካዝናውን ነቀለ። ሙሉዬ ከፊት ለፊቱ ምንጣፍ ላይ ብቅል ታሰጣ ነበር። ምላጩን ሳበ።

ጥይቷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ገብታ አጥንቷን ሰብራ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ሽታሁን ወፍጮ ቤቴ መጣ። እህል የያዘ መስሎኝ ነበር። ሞተሩን እስካጠፋ ጠበቀኝ። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«አያ በላቸው» አለ፤ «አሳፈርሁዎት።»

«እኔን?»

«የሰው ዓይን ሁሉ እርስዎ ላይ ነው። ያስተማሩኝን በደንብ አልያዝሁትም መሰለኝ። አንድ ነገር ዘልያለሁ። ተኝቼም ነቅቼም አሰብሁ፤ ምኑን እንደ ዘለልሁ ላገኘው አልቻልሁም። እስቲ ይንገሩኝ፤ ምኑን ነው የዘለልሁ?»

ዱቄት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነበር። እኔ፣ ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ የሰፌዱን ጠርዝ ስነካካ ቆየሁ።

«ቸኩለህ ይሆናል» አልሁት።

«ይሆናል» አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ። አመሰገነኝ!

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከበደ። የሙሉዬ ወንድሞች ከደብረ ወርቅ ወርደው ጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጠዋል። «እድሩ ጥፋተኛ ነው ብሎ ከሰረዘው እኅታችንን አንመልስለትም፤ ተምሮ የማይማር ሰው ነገ ደግሞ ደረቷን ይመታታል» አሉ። ፍርዱ ለእሑድ ተቀጠረ። በአንድ ቀን ሽታሁን እድሩንም ሚስቱንም ሊያጣ ነው፤ የማያውቀውንና ያልዘለለውን ነገር ዘልሏል ተብሎ።

ዐርብ ዕለት ሙሉዬን ልጠይቅ ሄድሁ፤ ብርቱካን ይዤ። እግሯ ታስሮ ተሰቅሏል። ትራሷን አስተካክላ ተቀበለችኝ።

«እግዜር ይማርሽ» አልሁ።

«አሜን። አያ በላቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«አጠገቡ ነበርሁ፤ ሰምቼዋለሁ። ካዝናውን አውጥቶ መሬት ላይ አስቀምጦ እንደ ጸሎት ደገመው። ‹ካዝናው ከወጣ ዱላ ነው› አለና ሳቀልኝ። ከዚያ ነው የሳበው።» ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። «ዱላ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ሕዝቡም አብሮ . . .» ብዬ ጀመርሁና ተውሁት። ብርቱካኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ባንቺዓለም ነጭ ጋዎኗን ለብሳ ቆማ ነበር።

«ጋሽ በላቸው፣ ሞጣ ላይ ምን ሆነው መጡ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ኪስዎ ውስጥ ምን እንደሚዳስሱ አላውቅም እንጂ፣ ከሞጣ ከመጡ ጀምሮ እጅዎ ከዚያ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

እሑድ ዕቃ ቤቱ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ሽታሁን ብቻውን መሀል ላይ ቆሟል። ወንድሞቿ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። አያ ገብረ ማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው ሕጉን አነበቡ፣ በቃላቸው። «የሚናገር አለ?» ሲሉ ተነሣሁ።

«ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አልሁ። «የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትሁት።»

ከዚያ ሀብተ ሥላሴ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«አያችሁ? አስተማሪ ማለት ይህ ነው! የተማሪውን ጥፋት በጫንቃው ሲሸከም!»

ጭብጨባው እንደ በረዶ ወረደብኝ። አንዲት እናት ዕንባዋን ጠረገች። ሽታሁን ራሱ «አይ፣ አያ በላቸው፣ ይተዉ፣ በእኔ ምክንያት ስምዎ አይበላሽ» አለ።

«እውነቴን ነው!» ብዬ ጮኽሁ። የአቡጀዲውን ቁራጭ ፈትቼ ጥይቷን ከፍ አደረግሁ። «ይህች ሞጣ ላይ ከእኔው ጠመንጃ የወጣች ናት! ባዶ ነው ባልሁት!»

«ደግሞ አዲስ ታሪክ አመጣ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ነብሩ ናት እንዴ?» አለ ሌላው። ሳቁ። አርባ ዓመት ሙሉ የዋሸሁት ውሸት ሁሉ ያን ሰዓት ተሰልፎ መጥቶ አፌ ላይ ቆመ። እውነቴ ሊያልፍ መንገድ አላገኘም።

«ይፈረድ እንግዲህ» አሉ አያ ገብረ ማርያም።

«አንድ ደቂቃ» አለች ባንቺዓለም። ስልኳን አወጣች። «የሞጣውን ሰው ቁጥር ያን ጊዜ መዝግቤው ነበር።» ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«አቤት» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ከኋላቸው የመቀስ ድምፅ ይሰማል።

ማን እንደሆነች ነገረቻቸው። «አቶ በላቸው የሚባሉ ሰው ባለፈው ወር መጥተው ነበር?»

«መጥተው ነበር። ጨዋ እንግዳ ናቸው። ጠመንጃቸውም ጥሩ ጠመንጃ ነው።»

ሸፈኑኝ። የማያውቁትን ሰው ገመና በጨርቃቸው ሸፈኑልኝ። ዝም ብል እዚያው ይቀር ነበር፤ ሽታሁን ይሰረዛል፣ እኔ ደግ አስተማሪ ተብዬ ቤቴ እገባለሁ። ሽታሁንን አየሁት። እግሩን እያየ ቆሟል፤ አሁንም የዘለለውን እየፈለገ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እኔ ነኝ፣ በላቸው» አልሁ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ። «ስለ እግዚአብሔር፣ የጥይቷን ነገር ይንገሩልኝ።»

«ሰው ፊት ነው?»

«መቶ ሰው . . . አርባ ያህል ሰው ፊት ነው።»

«የእንግዳን ነውር በስልክ አላወራም። እርስዎ ይናገሩ። ቢሳሳቱ አርማለሁ» አሉ።

ተናገርሁ። ያለ ግጥም፣ እጄን ሳላወናጭፍ።

«ጠመንጃዬ ባዶ ነው አልሁዎት።»

«ልክ ነው» አለ ስልኩ።

«ማቀባበያውን ሲስቡት ጥይት ወጣች።»

«ልክ ነው።»

«ልጅዎ ከሴትዮዋ ጫማ ሥር አነሳቻት።»

«ልክ ነው።»

«ካዝና መንቀል እንደማይበቃ፣ ሁለት ጊዜ ስቦ ማየት እንዳለብኝ ነገሩኝ። አወቅሁ። አውቄ ነው እዚህ መጥቼ ሌላ ያስተማርሁ።»

«እሱን እኔ አላየሁም» አሉ።

«እጁ የተንቀጠቀጠው . . .» ጥይቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። «እጁ የተንቀጠቀጠው የእኔ ነው።»

ከስልኩ የሚሰማው መቀስ ቆመ።

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

የሚስቅ አልነበረም። ሀብተ ሥላሴ ምንሽሩን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ፣ አፈሙዙ ወደ ማን እንደዞረ አየና፣ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ መለሰው።

ባንቺዓለም መዝገቧን ገለጠች። «አባባ፣ እንግዲህ እኛ ያልጠየቅነዎትን ልጠይቅዎት» አለች፣ እነዚያኑ ጥያቄዎች። ወረቀት እንዳላቸው ተናገሩ፤ ይዤ እመጣለሁ አሉ። ትምህርቱን የሚጀምሩት በባዶ መሣሪያ እንደሆነ፣ ጥይት የሚታየው በአራተኛው ቀን እንደሆነ ነገሯት።

«በእጅዎ ሰው ተጎድቶ ያውቃል?»

«ያውቃል» አሉ። «አንድ ወታደር፣ ገና አዲስ አሰልጣኝ ሳለሁ። ሁለተኛ ሳላይ ‹ባዶ ነው› ብዬ ሰጥቼው። ጣቱን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ነው ሁለት ጊዜ የማየው።»

አያ ገብረ ማርያም ዓይናቸውን ገለጡ። ያን ጊዜ ነው አስተማሪው የተመረጠ፤ እጅ እንኳ አልተቆጠረም።

«ያልበቃን ሰው ይመልሳሉ?» አለች ባንቺዓለም።

«እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቸግራለሁ። አቶ በላቸው ከተማሪዎቹ ጋር፣ ፊት ረድፍ ላይ ይቀመጡልኝ።»

የሽታሁን ስም ከመዝገቡ አልተሰረዘም። ወንድሞቿ እርስ በርሳቸው ተያይተው «ፍርዱን ሰምተናል» አሉና ወጡ፤ ሙሉዬን ወደ ደብረ ወርቅ ሳይሆን ወደ ቤቷ ነው የመለሷት። ለአስተማሪ የተጻፈ ቅጣት አልነበረምና አዲስ ተጻፈ፤ ሁለት ዓመት ጠመንጃ ይዤ ድንኳን አጠገብ አልደርስም፤ በየለቅሶው የድንኳኑን ምሰሶ እሸከማለሁ። ምሰሶው መቶ ኪሎ ይሆናል። ሠላሳ ቢሆን ነው።

ሽታሁን ከግቢው ሲወጣ አጠገቤ ቆመ።

«እንግዲያ የዘለልሁት ነገር አልነበረም?» አለ።

«አልነበረም። የዘለልሁት እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። አልሰደበኝም። «አያ» ብሎም አልጠራኝም። ሄደ። ዛሬም ጤፉን የሚያስፈጭ ሌላ ወፍጮ ቤት ነው።

ጋሽ እንድሪስ በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ መጡ። እዚያው የግጦሽ ሜዳ ላይ ጠመንጃዎቹን ሁሉ ሣሩ ላይ አስደረደሩን፤ አፈሙዛቸው ወደ ጉብታው፣ ካዝናቸው ለብቻ ተቀምጦ። እኔ ፊት ተቀምጫለሁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ከኋላችን፣ በመንገዱ በኩል፣ ዱላ መሬት ሲነካ ሰማሁ። ሙሉዬ ከገበያ ስትመለስ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ስታይ ቆመች።

«በላቸው፣ ተነሥ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ በዚያ ቀን አንተ ብለው ጠሩኝ፣ እንደ ተማሪ። ክላሼን አመለከቱኝ። «ካዝናው ወጥቷል። ባዶ ነው?»

ማለዳ እቤቴ ስነሣ አይቼዋለሁ። ሜዳው ላይ ሳስቀምጠውም አይቼዋለሁ። ባዶ እንደሆነ በልጆቼ እምላለሁ። ዐሥራ ሰባት ሰው ያየኛል፤ ዱላዋም አልተንቀሳቀሰም።

«አላውቅም» አልሁ።

በሕይወቴ ይህን ቃል ሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም።

«እንግዲያስ እንየው» አሉ።

ተንበርክኬ፣ ጣቴን ከምላጩ አርቄ፣ አንድ ጊዜ ሳብሁ። ሁለተኛ ሳብሁ። ጎንበስ ብዬ ጨለማውን ተመለከትሁ፣ በትንሽ ጣቴም ዳሰስሁት። ምንም አልነበረም። ቀና ስል ከኋላዬ ያች ዱላ መንገዷን ጀምራ ነበር፤ ኳ . . . ኳ . . . እያለች። ጋሽ እንድሪስ «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምሁት።